የግራፋይት ገጽ፣ የግራፊን ጠርዝ፦ ለኤሌክትሪክ ልኬት የትኛውን ማይክሮስኮፕ ልምረጥ?

ግራፋይት ላይ ልሥራ የሚል ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሥዕል ነው። አቶም በአቶም የሚታይበትን ምስል አይቶ ልቡ ይሸፍታል። ከዚያ "ይህን የሚያነሳ ማሽን የት አለ?" ብሎ ፍለጋ ይወጣል። እኔ ነገሩ ቢገለበጥ እላለሁ። መጀመሪያ ጥያቄው ይጥራ። ማሽኑን ጥያቄው ራሱ ይመርጠዋል።

ጎንደር ተቀምጦ ጥናቱን ለሚያቅድ ሰው ይህ በተለይ ይጠቅማል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ላይ ጊዜ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ነው። የሚሰጣችሁ ጥቂት ቀን ነው። እሱን የማይሆን መሣሪያ ላይ ካዋላችሁት ትኬቱም፣ አበሉም፣ ቀኑም ከንቱ ይቀራል።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ስለ ግራፋይት ገጽ የኤሌክትሪክ ጠባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው የምመርጠው ከረንት የሚለካውን ኤኤፍኤም (ገጹን በስል መርፌ እየዳሰሰ የሚያነብብ ማይክሮስኮፕ) ከኬልቪን ፕሮብ (የገጹን ፖቴንሻል የሚለካ የኤኤፍኤም ዘዴ) ጋር አጣምሮ መጠቀምን ነው። ኤስቲኤም (ገጹን ሳይነካ በመርፌና በናሙና መካከል በሚሻገር ከረንት የሚያይ ማይክሮስኮፕ) የግድ የሚሆነው ጥያቄያችሁ ጠርዙ ላይ ስላሉት አቶሞች ሲሆን ነው። ምክንያቱ ትንሽ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ የምንለካውን እንወቅ

ግራፋይት የተነባበረ ካርቦን ነው። በአንዱ ንብር ውስጥ አቶሞቹ በስድስት ማዕዘን ተያይዘዋል። በሁለት ጎረቤት አቶሞች መካከል ያለው ርቀት 0.142 ናኖሜትር ነው። አንዱ ንብር ከሌላው የሚርቀው ግን 0.335 ናኖሜትር ነው፤ የሚያያይዛቸውም ኃይል ደካማ ነው። ጋቢን አስቡት። እያንዳንዱ ድርብ ለብቻው ጥብቅ ብሎ ተሸምኗል፤ በድርብና በድርብ መሀል ግን እጅ ይገባል። ኤሌክትሪኩም ይህንኑ ይከተላል። ጥራት ባለው ግራፋይት ከንብሩ ጋር አግድም የሚፈስ ከረንት የሚገጥመው ሬዚስታንስ፣ ንብሩን አቋርጦ ቁልቁል ሲፈስ ከሚገጥመው በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው።

አንዷ ንብር ብቻዋን ስትቀር ግራፊን ትባላለች። አንድሬ ጌምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ማንቸስተር ላይ በተራ ስኮች እየላጡ አገኟት። በ2010 ኖቤል ተሸለሙባት።

ነገር የሚመጣው ጠርዝ ላይ ነው። ንብሩ በአንድ አቅጣጫ ሲቆረጥ ጠርዙ ዚግዛግ ይሆናል። ከዚያ 30 ዲግሪ ዞር ተብሎ ሲቆረጥ አርምቼር የሚባለው ይወጣል። ካርቦኑ ያው ካርቦን ነው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል። እ.ኤ.አ. በ1996 የጃፓን ቲዎሪስቶች ዚግዛግ ጠርዝ ላይ ብቻ ተወስነው የሚቀሩ ኤሌክትሮኖች እንዳሉ በስሌት አሳዩ። ጉልበታቸው ከፌርሚ ደረጃ (ኤሌክትሮኖች ከሞሉት የጉልበት ደረጃ ጣሪያ) አጠገብ ነው። አርምቼር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ኤስቲኤም በግራፋይት ደረጃዎች (አንዱ ንብር አልቆ ገጹ እንደ መወጣጫ ዝቅ በሚልባቸው ቦታዎች) ጠርዝ ላይ አያቸው።

ስለዚህ "የግራፋይት የኤሌክትሪክ ጠባይ" ሲባል ቢያንስ ሦስት ጥያቄ አለበት። ሜዳው (በደረጃዎቹ መካከል ያለው ለጥ ያለ ገጽ) ላይ ያለው ፖቴንሻል ከቦታ ቦታ ይለያያል ወይ? ደረጃዎቹና ሲላጥ ላዩ ላይ የቀሩት ጥብጣቦች ከረንት እንዴት ያሳልፋሉ? ጠርዙ ላይ ያሉት አቶሞች የራሳቸው የኤሌክትሮን የጉልበት ደረጃ አላቸው ወይ? ለሦስቱም አንድ ማሽን አይበቃም።

ናሙናውን ቀድማችሁ ምረጡ

አማካሪዎች ስለ መሣሪያ ብዙ ያወራሉ፤ ስለ ናሙና ግን አለፍ ብለው ነው። ስህተት ይመስለኛል።

ለጀማሪ የሚሻለው ኤችኦፒጂ የሚባለው ሰው ሠራሽ ግራፋይት ነው። በጥራት ደረጃ ተለይቶ ይሸጣል። ዜድ-ዋይ-ኤ የሚባለው ክሪስታሎቹ እርስ በርስ የሚዛነፉት በ0.4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ዜድ-ዋይ-ቢ 0.8፣ ዜድ-ዋይ-ኤች ደግሞ 3.5 ዲግሪ ነው። ሰው ሁሉ ውዱን ይመኛል። ሰፊና ለጥ ያለ ሜዳ ከፈለጋችሁ እውነት ነው፣ ውዱ ይሻላል። ጥናታችሁ ስለ ጠርዝ ከሆነ ግን ርካሹ ዜድ-ዋይ-ኤች ብዙ ደረጃ ይሰጣችኋል። ጠርዝ ፈልጋችሁ ጠርዝ ለሌለው ገንዘብ አትክፈሉ።

የተፈጥሮ ግራፋይት ቅርፊት ጥሩ ክሪስታል ሊኖረው ይችላል። ግን ትንሽ ነው፣ ውስጡ ምን ባዕድ ነገር እንዳለም ራሱን የቻለ ምርመራ ይጠይቃል። የእርሳስ ማዕከል ከሸክላ አፈር ጋር የተደባለቀ ነው፤ ለዚህ ሥራ እርሱት።

ግራፊን ራሷስ? ሲሊከን ላይ 300 ናኖሜትር ያህል ኦክሳይድ ካለ አንዷ ንብር በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ትታያለች። ይህ ደስ ይላል። ግን ኦክሳይዱ ከረንት አያሳልፍም፤ ስለዚህ የብረት ኤሌክትሮድ ሊሠራላት ይገባል። ያ ደግሞ ሌላ ላቦራቶሪ፣ ሌላ ወጪ ነው። ከፍታዋን ስትለኩም 0.335 ሳይሆን ከ0.5 እስከ 1 ናኖሜትር ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ከሥሯ ውሃና ሌላ ነገር ይገባልና። ኤችኦፒጂ ላይ ያለ የአንድ ንብር ደረጃ በራሱ የግራፊን ጠርዝ ነው፣ ወለሉም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ንብር ጠባዩን እንደሚነካው ግን አትርሱ።

ጎንደር ላይ ሆናችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ዝግጅት አለ። ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ከፍተኛ ሙቀት የሚሰጥ ምድጃ ካለ፣ አዲስ የተላጠ ኤችኦፒጂን አየር ባለበት ወደ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ጊዜ አሙቁት። ኦክስጅኑ እንከን ካለበት ቦታ ጀምሮ ካርቦኑን ይበላል። አንድ ንብር ጥልቀት ያላቸው ክብ ጉድጓዶች ይወጣሉ። ጥልቀታቸው 0.335 ናኖሜትር ስለሆነ የመሣሪያውን የከፍታ ልኬት ማረጋገጫ ይሆኗችኋል። ዙሪያቸው ደግሞ ሁሉ ጠርዝ ነው።

የላጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ። አዲስ የተላጠ ግራፋይት በደቂቃዎች ውስጥ ከአየር ሃይድሮካርቦን ይሰበስባል። ለረጅም ጊዜ ግራፋይት ውሃን የሚገፋ ነው ይባል ነበር፤ የውሃ ጠብታ ላዩ ላይ የሚሠራው አንግል ወደ 90 ዲግሪ ነው እየተባለ ይጠቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ግን ወዲያው ከተላጠ አንግሉ በ60ዎቹ ውስጥ መሆኑን አሳየ። የተለወጠው ግራፋይቱ አልነበረም፤ ላዩ ላይ ያረፈው ቆሻሻ ነው። የኤሌክትሪክ ልኬትም ከዚህ አያመልጥም።

ኤስቲኤም፦ አቶም ያሳያል፣ ያሳስታልም

ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪክ ሮሬር ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ሠሩት። መርፌው ናሙናውን አይነካም። ከ1 ናኖሜትር ባነሰ ክፍተት ኤሌክትሮኖች ይሻገራሉ። ክፍተቱ በ0.1 ናኖሜትር ሲሰፋ ከረንቱ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። አቶም የሚያሳየው ለክፍተቱ እንዲህ ስሱ መሆኑ ነው።

ግራፋይት ለኤስቲኤም የመጀመሪያ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ የማስተማሪያ ኤስቲኤሞች አሉ፤ በተራ አየር ይሠራሉ። መርፌው የፕላቲነም-ኢሪዲየም ሽቦ ነው፣ በመቁረጫ ሰያፍ ተቆርጦ ይዘጋጃል። በጥቂት አሥር ወይም መቶ ሚሊቮልትና በ1 ናኖአምፔር ገደማ አቶሞቹ ይታያሉ።

የሚታየውን ግን በጥርጣሬ እዩት። ስድስት ማዕዘን ትጠብቃላችሁ፤ የሚመጣው በ0.246 ናኖሜትር የተራራቀ ሦስት ማዕዘን ነው። ከሥሩ ቀጥታ ሌላ አቶም ያለበት አቶም ስለሚደበዝዝ ግማሾቹ ብቻ ጎልተው ይወጣሉ። ወፍራም ግራፋይት ላይ ሙሉ ስድስት ማዕዘን ካያችሁ የላይኛው ንብር ከሥረኛው ተላቅቆ ሊሆን ይችላል። የላይኛው ንብር ዞር ብሎ ከተቀመጠ ደግሞ ትልልቅ ነጠብጣብ ይታያል፤ በ1 ዲግሪ ቢዞር ወደ 14 ናኖሜትር የሚደጋገም ንድፍ ይወጣል። አንዳንዱ ይህን አዲስ ግኝት ያደርገዋል። አየር ላይ ሲሠራ አቶሞቹ ከሚገባቸው በላይ ሰማይ ጠቀስ ሆነው የሚታዩበትም ጊዜ አለ፤ በመሀል ያለው ቆሻሻ የመርፌውን ግፊት ወደ ገጹ ስለሚያስተላልፍ ነው።

ከሁሉ የምወደው ማስጠንቀቂያ የ1991ዱ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ግራፋይት ላይ ዲኤንኤ አስቀምጦ በኤስቲኤም ያነሳ ነበር። ሁለት ተመራማሪዎች ምንም ያልተቀመጠበት ባዶ ግራፋይት ላይ ዲኤንኤ የሚመስል ጠመዝማዛ መስመር እንደሚታይ አሳዩ። የግራፋይቱ የራሱ ደረጃዎች ነበሩ።

የጠርዝ ኤሌክትሮኖችን ለማየት ግን የማስተማሪያው ማሽን አይበቃም። አየር ላይ ያለ ጠርዝ ኦክስጅን ይይዛል፤ ኬሚስትሪው ይቀየራል። እጅግ ከፍተኛ ቫኪዩም (አየሩ የተመጠጠበት ክፍል) ያስፈልጋል፣ ቅዝቃዜ ቢጨመርበት ይሻላል። የዚህ ዓይነቱ ሲስተም ዋጋ በመቶ ሺዎች ዶላር ነው። እዚያ ከደረሳችሁ የምትፈልጉት ምስሉን ብቻ አይሁን፤ ቮልቴጁን እየቀያየራችሁ የከረንቱን ለውጥ መዝግቡ። ዚግዛግ ጠርዝ ላይ ከፌርሚ ደረጃ በጥቂት አሥር ሚሊቮልት ርቀት ውስጥ ጉብታ ይወጣል፣ ከጠርዙ ጥቂት ናኖሜትር ሲርቅ ይጠፋል። አርምቼር አጠገብ በ30 ዲግሪ የዞረና በ1.73 እጥፍ የሰፋ ንድፍ ይታያል። ሁለት ጠርዞች በ60 ወይም በ120 ዲግሪ ከተገናኙ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በ30፣ በ90 ወይም በ150 ከሆነ ይለያያሉ። ይህን በፕሮትራክተር ማየት ይቻላል።

ከረንት የሚለካው ኤኤፍኤም፦ የእኔ ምርጫ፣ ከነጣጣው

ኤኤፍኤም እ.ኤ.አ. በ1986 መጣ። ቢኒግ፣ ካልቪን ኩዌትና ክሪስቶፍ ገርበር ናቸው የሠሩት። እዚህ መርፌው ገጹን ይነካል፤ በናኖኒውተን ደረጃ ይጫናል። መርፌው ብረት ከተቀባና ቮልቴጅ ከተሰጠው በነካበት ቦታ የሚያልፈውን ከረንት ከፒኮአምፔር ጀምሮ ይለካል።

ከኤስቲኤም የሚበልጥበት አንድ ነገር ለእኔ ወሳኝ ነው። ከፍታና ከረንት በሁለት የተለያየ መንገድ ይመጣሉ። ኤስቲኤም ከፍታውን የሚያውቀው በከረንቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ይምታታሉ። እዚህ ከፍታውን ኃይሉ ይከታተላል፣ ከረንቱ ለብቻው ይመዘገባል። አንድ ጥብጣብ ከፍ ብሎ ከረንቱ ግን ዝቅ ካለ በግልጽ ይታያችኋል። ኤችኦፒጂ ላይ ይህ ብዙ የሚያጋጥም ነው። ሲላጥ ያልተነሱ ጥብጣቦች ላዩ ላይ ይቀራሉ። ከሥራቸው በደንብ ያልተጣበቁት ከአጠገባቸው ካለው ሜዳ ያነሰ ከረንት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ከረንቱ ንብር አቋርጦ መውረድ ስለሚከብደው ነው።

ጣጣው ግን ብዙ ነው። ግራፋይት ጥሩ አስተላላፊ ስለሆነ አምፕሊፋየሩ (ከረንቱን የሚያጎላው ክፍል) በትንሽ ቮልቴጅ ይሞላና ምስሉ ሁሉ አንድ ቀለም ይሆናል። በሚሊቮልት ጀምሩ፤ ካስፈለገ በመስመሩ ላይ ሬዚስተር እንዲጨመር ኦፕሬተሩን ጠይቁ።

ትልቁ ወጥመድ ደረጃው ራሱ ነው። መርፌው ደረጃ ሲወጣ በጎኑም ስለሚነካ የሚነካበት ስፋት ይጨምራል፤ ከረንቱም ይጨምራል። ሲወርድ ለአፍታ ይቀንሳል። ተማሪው "ጠርዙ ይበልጥ ያስተላልፋል" ብሎ ይጽፋል። ያየው የመርፌውን ቅርጽ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው አድካሚ አይደለም። በሄደበትም በተመለሰበትም መዝግቡ። ናሙናውን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙ። ግፊቱን ቀይሩ። የቮልቴጁን ምልክት ገልብጡ። በዚህ ሁሉ ያልተለወጠ ልዩነት ካለ፣ እሱን አምናለሁ።

መርፌውም ይበላል። በላዩ ያለው የብረት ቅብ ስስ ነው፤ ሲላጥ ከረንቱ ይጠፋል፣ እናንተ ደግሞ ናሙናው የተበላሸ ይመስላችኋል። በመሀል በመሀል ንጹሕ ሜዳ ላይ ተመልሳችሁ ያው ከረንት መኖሩን እዩ። በአልማዝ የተቀባ መርፌ ብዙ ይቆያል፣ ግን ጫፉ ዱልዱም ነው። እርጥበት ባለበት አየር መርፌውን ኔጋቲቭ አድርጋችሁ ጥቂት ቮልት ከሰጣችሁ ደግሞ ከመለካት አልፋችሁ ግራፋይቱን ኦክሲዳይዝ እያደረጋችሁ ነው። ሆን ብሎ ለመቁረጥ የሚጠቀሙበት አሉ። ለመለካት ለመጣ ሰው ግን ኪሳራ ነው።

ኬልቪን ፕሮብና ኢኤፍኤም

ኬልቪን ፕሮብ ኤኤፍኤም እ.ኤ.አ. በ1991 የተዋወቀ ነው። በመርፌውና በገጹ መካከል ያለውን የፖቴንሻል ልዩነት በሚሊቮልት ይሰጣል። ከረንት አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ኤሌክትሮድ የሌላት የግራፊን ቁራጭ ላይም ይሠራል። ንብር ለመቁጠርም ይጠቅማል፦ ሲሊከን ካርባይድ ላይ ባደገ ግራፊን አንድ ንብርና ሁለት ንብር ከ100 ሚሊቮልት በላይ ሲለያዩ ታይቷል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የሚሰጣችሁ ልዩነቱን ነው። የገጹን ወርክ ፈንክሽን (ኤሌክትሮን ከገጹ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት) ለማወቅ መርፌውን በታወቀ ናሙና መመዘን አለባችሁ፤ ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ራሱ አዲስ የተላጠ ግራፋይት ነው፣ 4.6 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ። ሁለተኛ፣ ተራ አየር ላይ ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገር በአሥሮች ናኖሜትር ነው። የአቶም ጠርዝ አያሳይም። ሪቪው የሚያደርግ ሰው "በኬልቪን ፕሮብ የዚግዛግ ጠርዝ ለየሁ" የሚል ካየ ወረቀቱን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ኢኤፍኤም (የኤሌክትሪክ ኃይልን የሚሰማ ኤኤፍኤም) የዚሁ ዘመድ ነው፣ ቀለል ይላል። መርፌው መጀመሪያ ከፍታውን ያነብባል፣ ቀጥሎ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ከፍ ብሎ የኤሌክትሪክ ኃይሉን ብቻ ይሰማል። ቁጥር አይሰጥም። ነገር ግን አንድ ጥሩ ፈተና አለው። ቮልቴጁን ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ስትገለብጡ ብሩህና ጨለማው ቦታ ከተለዋወጠ ያያችሁት የፖቴንሻል ልዩነት ነው። ካልተለዋወጠ የከፍታ ወይም የካፓሲታንስ ጥላ ነው። ኬልቪን ፕሮብ የሌለው ላቦራቶሪ ከገጠማችሁ ኢኤፍኤምን አትናቁት።

ሌሎቹ

ራማን (ከናሙናው የሚበተነውን የሌዘር ብርሃን የሚመረምር ዘዴ) ማይክሮስኮፕ አይደለም፣ ግን ርካሽ አጋዥ ነው፤ በስፔክትረሙ 1350 (1/ሴንቲሜትር) አካባቢ ያለው ዲ የሚባለው ጉብታ አርምቼር ጠርዝ ላይ ይጎላል፣ ንጹሕ ዚግዛግ ላይ ይዳከማል። ቲኢኤም (ኤሌክትሮን በናሙናው ውስጥ እያሳለፈ የሚያይ ማይክሮስኮፕ) የጠርዙን አቶሞች ያሳያል፣ የኤሌክትሪክ ጠባያቸውን ግን አይለካም፤ ጨረሩም ጠርዙን ይበላል። ኤስኢኤም (ገጹን በኤሌክትሮን ጨረር የሚቃኝ ማይክሮስኮፕ) ቦታ ለማፈላለግ ብቻ ይጥቀም።

ጎንደር ላይ ሲሆን

ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም አየሩ መሳሳቱ ለኤኤፍኤም ችግር አይደለም። ችግሩ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት ገጹ ላይ ስስ ውሃ ይተኛል፤ ኬልቪን ፕሮብ ይደበዝዛል፣ ከረንት የሚለካው መርፌ ይጣበቃል። አየር ላይ የሚደረግ ልኬት እዚህ ካቀዳችሁ ከጥቅምት በኋላ አድርጉት።

መብራት ሲጠፋ የሚጎዳው የተቋረጠው ስካን ብቻ አይደለም። ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ሙቀቱ እስኪረጋ ምስሉ ይንሸራተታል። ዩፒኤስ ከሌለ የማስተማሪያ ኤስቲኤም እንኳ ያማርራል። ንዝረቱን ግን በቀላሉ መቀነስ ይቻላል፦ ምድር ቤት ያለ ክፍል፣ ባጃጅ ከሚተራመስበት መንገድ ራቅ ያለ፤ ከጎሚስታ ቤት የተገዛ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በልኩ ተነፍቶ፣ በላዩ ከባድ የድንጋይ ንጣፍ። ለግራፋይት አቶም ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ስለዚህ በጀት የሌለው ክፍል ለመማሪያ ትንሿን ኤስቲኤም ይግዛ፤ ለጥናት ኤኤፍኤም ያለበት ላቦራቶሪ ይፈለግ። ስለ ጠርዝ ኤሌክትሮኖች ፒኤችዲ የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያው ቫኪዩም ኤስቲኤም ያለው ቡድን ጋር ይጻጻፍ። ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ጣሊያን ውስጥ ትሪየስቴ ላይ ያቋቋሙት አይሲቲፒ (ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል) ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ተመራማሪዎችን በጣሊያን ላቦራቶሪዎች የሚያሠራ ፕሮግራም አለው፤ እዚያ ማመልከት ያዋጣል።

ወደ ላቦራቶሪው ከመሄዳችሁ በፊት ኦፕሬተሩን በኢሜይል ጠይቁ። የከረንቱ አምፕሊፋየር ትንሹና ትልቁ ልኬት ስንት ነው? መርፌው በምን ተቀብቷል፣ ትርፍ ስንት አለ? ኬልቪን ፕሮቡ በአምፕሊቲዩድ ነው በፍሪኩዌንሲ የሚሠራው? ሁለተኛው የተሻለ ጥራት አለው። እርጥበቱን መቆጣጠር ይቻላል? ናሙናውን እዚያው መላጥ ይፈቀዳል? ስኮቹን ግን ከቤት ያዙ።

ስትመለሱ ደግሞ ጥሬውን ፋይል ይዛችሁ ኑ። በጄፔግ የመጣ ምስል ላይ ቀለም እንጂ ቮልትና አምፔር የለም። ጥሬው ካለ ግዊዲየን የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ የአብዛኛውን አምራች ፋይል ይከፍታል። የሄደበትንና የተመለሰበትን ከረንት ጎን ለጎን አድርጎ ማየትም እዚያው ይቻላል፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ።